የሀብተማርያም ድግስ

የኮልፌው አጣና ነጋዴ አቶ ወልደጊዮርጊስ ልጃቸው ማትሪክ እንደሚያልፍ ከፈተናው በፊት ያውቁ ነበር። ሀብተማርያም ከክፍሉ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ሳይወጣ የቀረበት ዓመት የለም። እሳቸው ፊደል ባይቆጥሩም የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቷቸው የእርስዎ ልጅ ካላለፈ ማን ሊያልፍ ነው ስላላቸው ነገሩን ያለቀ አድርገው ያዙት። ውጤቱ ሐምሌ 26 ቀን 1952 ዓ.ም. እንደሚነገር ሲሰሙ ለዚያው ቀን ድንኳን ተከሉ፣ ወይፈን አሳረዱ፣ ከአስኮ እስከ ቀራንዮ ያለውን ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ጠሩ። ሚስታቸው ወይዘሮ ዘመነች ውጤቱን አይተን እንደግሳለን ብለው ቢለምኗቸውም፣ እሳቸውን ያሳሰባቸው ዝናቡ ብቻ ነበር።

ለድግሱ ሥራ ጎረቤት ሁሉ ሲጠራ የልብስ ሰፊው የአቶ ወልደሰንበት ሚስት ልጃቸውን አጸደን ይዘው መጡ። አጸደም በዚያው ዓመት ከሀብተማርያም ጋር ተፈትናለች፤ ይህን ግን ከቤተሰቧ በቀር ያስታወሰ አልነበረም። በዕለቱ ጠዋት ሁለቱ አብረው ትምህርት ቤት ሄዱ። ዲሬክተሩ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ቢሯቸው እያስገቡ ውጤታቸውን ነገሯቸው። አጸደ አልፋለች። ሀብተማርያም በሒሳብና በእንግሊዝኛ ወድቋል።

ወደ ኮልፌ ሲመለሱ ዝናቡ አልለቀቃቸውም። ገበያው አጠገብ ሲደርሱ ሀብተማርያም ቆመና፣ አንቺ ቅደሚ አላት። ቀደመች። በድግሱ ቤት ጓሮ በኩል ገብታ፣ ወጥ ሲሠሩ ላገኘቻቸው እናቷ በጆሯቸው አለፍኩ ስትል፣ እናቷ አቅፈው ሳሟትና ወዲያው አንድ ቁና ሽንኩርት ፊቷ አስቀመጡ። "እንግዳው እስኪወጣ አፍሽን ያዢ፤ የሰው ድግስ አናበላሽም" አሏት።

ሀብተማርያም በሩ ላይ ከአባቱ ጋር ሲገናኝ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። አቶ ወልደጊዮርጊስ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ወደ ድንኳኑ ዞረው አዩ። እንግዳው ሞልቶ ምግቡን እየጠበቀ ነው። የነፍስ አባታቸውን መምሬ ጽጌማርያምን እጃቸውን ይዘው ከድንኳኑ ጀርባ ወሰዷቸውና፣ አባቴ፣ ልጁ ወድቆ አዋረደኝ፣ እንግዶቹን ምን ልበላቸው ሲሉ ጠየቋቸው። መምሬም ዛሬ ቀኑ ስንት ነው አሉ።

"ሃያ ስድስት።"

"እንግዲያው የጻድቁ የአቡነ ሀብተማርያም ዕለት ነው።"

መምሬ ወደ ድንኳኑ ተመልሰው ገቡና ቆመው፣ ዛሬ የተሰበሰብነው በሀብተማርያም ስም ነው፣ የጻድቁ በረከት ይደርብን ሲሉ ባረኩ። ከቃላቸው ውስጥ ውሸት የሚባል አንድም አልነበረም። እንግዳው እርስ በርሱ ተያየ፣ የልጁ መውደቅ ገባው፣ አሜን ብሎ በላ። የቤቱ ጀግና ጓዳ ተደብቆ ሲውል፣ ከሰፈሩ ልጆች ብቸኛዋ ያለፈችው ወጥ ስታቀርብ ዋለች። በማግስቱ እናቷ ወሬውን ለጎረቤት ቢነግሩም ጎረቤቱ ትናንት ጠግቦ ስለነበር እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ አለፈ።

አቶ ወልደጊዮርጊስ ግን ነገሩ በአንድ ቀን የሚያልቅ መስሏቸው ተሳሳቱ። በሚቀጥለው ወር በሃያ ስድስት ሁለት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አደግድገው በር ላይ ቆሙ፤ ዝክሩ መቼም በየወሩ ነው ብለው ነበር። ማስገባት ግድ ሆነ። ዓመት ሳይሞላ ጽዋ የሚጠጣበት፣ በተራ የሚደገስበት ማኅበር ወጣው። ከአጣናቸው በቀር ወሬ የማያውቁት ነጋዴ በኮልፌ መንፈሳዊ ሰው ተባሉ።

ሀብተማርያም በዓመቱ እንደገና ተፈተነ። እንግሊዝኛውን አለፈ፤ ሒሳብ አሁንም እምቢ አለው። ከዚያ ወዲያ የአባቱ ንግድ ውስጥ ገባ። ኮልፌ ቤት በቤት ላይ እየሠራ ስለነበር አጣና እንደ ዳቦ ይሸጥ ነበር። አባቱ ሲደክሙ የማኅበሩ ሙሴ እሱ ሆነ፤ የሚሰበስበውም ተራ የሚያወጣውም እሱ ነው። አጸደ ኮሌጅ ጨርሳ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነች፤ እናቷ ሲሞቱም በማኅበሩ የእሳቸውን ቦታ ያዘች።

በመካከሉ አንዲት የሰፈር ሴት፣ ልጄ ማትሪክ ካለፈ ለማኅበሩ በግ ብላ ተሳለች። ልጁ አለፈ። ወሬው ተዛመተና እናቶች በየዓመቱ ይሳሉ ጀመር። ልጁ የወደቀበት ስለት አያስገባም፤ ስለዚህ ማኅበሩ አንድም ስለት ሳይሰምርለት የቀረ አይመስልም ነበር።

በ1963 ሐምሌ ስለት ያስገቡት ወይዘሮ ዋጋነሽ ናቸው። ልጃቸው ገነት አልፋ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ከማኅበርተኛው መካከል ተቀመጠች። ምክር እንድትቀበል እናቷ ወደ ሙሴው ወደ ሀብተማርያም ገፋ ሲያደርጓት፣ ጠየቀችው።

"ጋሼ ሀብተማርያም፣ እርስዎ ማትሪክ እንዴት ነበሩ?"

"ወድቄያለሁ። ሁለት ጊዜ።"

አብዛኛው ኋላ የገባ ማኅበርተኛ ነበርና ቤቱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ትሕትናውን አያችሁ አሉ። መምሬ ጽጌማርያም ጽዋቸውን ትኩር ብለው አዩ። አጸደ ግን አስተማሪ ናትና ስሕተት ማለፍ አልቻለችም። "እውነቱን ነው። ይህ ማኅበር የተጀመረው እሱ የወደቀ ዕለት ነው" አለች።

ከወደ ጥግ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡት አቶ ወልደጊዮርጊስ ቀና አሉ። "ተይ ልጄ፣ ይህን ዝክር እኔ የተሳልኩት እሱ ሳይወለድ ነው" አሏት። ለማስመሰል አልነበረም፤ ከልባቸው አምነውታል። ቤቱም አመናቸው።

ማኅበሩ ሲበተን ሀብተማርያም አጸደን እስከ አጥሩ ሸኛት። አንድም ቀን አንስተውት የማያውቁትን ነገር ያኔ አነሳ፤ ያን ዕለት ምን ተሰምቶሽ ነበር ሲል ጠየቃት። ደስታዋን ስለነጠቃት ይቅርታ ለመጠየቅ ተዘጋጅቶ ነበር።

"ርቦኝ ነበር" አለችው። "ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ለሁሉ ሳቀርብ፣ ብይ ያለኝ ሰው የለም።"

በዚህ መካከል ወይዘሮ ዋጋነሽ ከኋላ ደረሱባቸው። የገነት ታናሽ ለከርሞ ትፈተናለች፤ ስለቱን ከአሁኑ ማሰብ ፈልገዋል። ሀብተማርያም ሒሳብ ታጥና ብሎ መከራቸው።

"እሱንም ታጠናለች" አሉት። "ብቻ የስለቱን በግ ከአሁኑ አይተህ ያዝልኝ።"