ለተማሪ የሚወጣ ድምፅ

ባለፈው እሑድ ሜልበርን ዳርቻ፣ ታርኔት፣ ትልቋ ልጃችን ቤት ምሳ በልተን ስናበቃ ባለቤቴ ጌታቸው የልጅ ልጃችንን ሊያን የቤት ሥራ ያሠራት ጀመር። ከእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ሊንኪንግ ቨርቡን፣ ማለትም አያያዡን ግሥ፣ ለይተሽ አስምሪበት ተብላለች። እሱ በአማርኛ ይጠይቃል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ስትሳሳት "ቀስ በይ፣ እንደገና እንየው" ይላታል። ዕቃ እያጠብኩ ያንን ድምፅ ሰማሁት። በአንዲት ፍሬ ልጅ መቅናት ነውር ነው። ቢሆንም ቀናሁ።

ድምፁን ከድሮ አውቀዋለሁ። ሜልበርን በመጣን ሰሞን፣ ገና ወጣት ሳለን፣ ጌታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ለአዲስ መጪዎች እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። አገር ቤት መምህር ስለነበር ሰሌዳ ፊት ሲቆም ፊቱ ይበራል። እኔ ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ሰንብቼ፣ ቅዳሜ ደግሞ የተማሪዎቹን ምሳ እሠራለሁ። ቤት ውስጥ አንድ ቃል ስጠይቀው ግን "ይኼማ ግልጽ ነው" ብሎኝ ያልፋል።

አንድ ቅዳሜ፣ የሰኔ ጾም ነው፣ ዝናቡ ከነንፋሱ እየደበደበኝ ምስር ወጥና ጎመን ይዤ ስገባ ትምህርቱ አላለቀም። ጌታቸው ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ያነባል። "ማይ ዋይፍ ሉክስ ታየርድ።" ዋይፍን አውቃለሁ። ታየርድንማ የመጋዘን ሰው ሁሉ ያውቃታል። ተማሪዎቹ ዞረው አዩኝና ሳቁ።

ሶስና የምትባል፣ በቅርብ የመጣች መልከ መልካም ልጅ ከፊት ተቀምጣለች። "በሉክስ ቦታ ኢዝን ብንተካ ያስኬዳል። ስለዚህ ሊንኪንግ ቨርብ ነው፣ ጋሼ" አለች።

"ጎበዝ። አየሽ፣ ቀስ ሲሉት ይገባል" አላት፣ በዚያው ድምፅ።

ምሳ ቀረበ። ጌታቸው ከትሪው ጠቅልሎ "ይኼ የመልስሽ ነው" ብሎ ሶስናን አጎረሳት። እሷ በእጇ አፏን ሸፍና ስታፍር "አንድ ያጣላል" ብሎ ደገማት። ሽንኩርቱን ሳቁላላ ያረፈድኩት እኔ፣ የምትጎርሰው እሷ። ሰው ሲስቅ እኔም ከአንገት በላይ ሳቅሁ።

"እትዬ አልማዝ፣ አይቀመጡም?" አለችኝ ሶስና።

"ጠግቤያለሁ" አልኳት። ከጧት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።

መኪና ውስጥ አላስቻለኝም። "ደክሟታል ያልካቸው እውነትህን ነው?"

"ምኑን?"

"ሰሌዳው ላይ የጻፍከውን።"

"እሱማ ምሳሌ ነው እኮ፣ አልማዝ" አለና መንገዱን ማየት ቀጠለ።

እስከዚያ ድረስ ያንገበገበኝ ጉርሻው ይመስለኝ ነበር። ለካ ሌላ ነው። ድካሜን አይቶት ከሆነ፣ ለእኔ በአማርኛ ያልነገረኝን ለሰው በእንግሊዝኛ ነገረ። ካላየው ደግሞ የባሰ። 

ሶስና ምንም አልበደለችኝም። ዛሬ ፖይንት ኩክ ትኖራለች፣ የታናሿ ልጄ የክርስትና እናት ናት። እንግሊዝኛውንም ቢሆን ውሎ አድሮ ከሥራ ቦታ ለቃቅሜዋለሁ። ያ ድምፅ ግን ከየትም አይለቀምም። ጌታቸው ክፉ ባል ሆኖ አይደለም። ትዕግሥቱን ለማያውቅ ሰው ያስቀምጣል፣ እኔን ደግሞ ሁሉን የማውቅ አድርጎ ቆጥሮኛል።

ባለፈው እሑድ ታዲያ እጄን አደራርቄ ከሊያ አጠገብ ወንበር ሳብኩ። "እኔንም አስተምረኝ" አልኩት።

"አንቺማ ታውቂዋለሽ።"

"አላውቀውም።"

ሊያ "ግራንድማ፣ ኢትስ ኢዚ" አለችኝ። ጌታቸው ከመነጽሩ በላይ ትንሽ አየኝ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አስጠጋና ከመጀመሪያው ጀመረልኝ፣ ቀስ ብሎ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንዲደግምልኝ ብዬ ተሳሳትኩ።