ለሰባት ሰው የምትበቃ መኪና

አሮጊቷ መኪናችን፣ ሊብሬዋ እንደሚለው፣ አምስት ሰው ትይዛለች። እኛ ደግሞ ሰባት ነን፤ አራት ልጆች፣ እናቴ፣ ባለቤቴና እኔ። እናቴ ትንሹን ልጅ ታቅፈው ስድስት እንሆናለን። ሰባተኛ ሰው ግን በምንም ተአምር አይገባም። ደግነቱ ሰባተኛዋን መኪና ያማታል። ባለቤቴ «ማኪና ያዞረኛል» ያለችኝ አራተኛው ልጃችን እንደተወለደ ነው። እኔም ብዙ ሳልመረምር አመንኳት። እውነቱን ለመናገር ተመችቶኝ ነበር።

እናቷ የሚኖሩት እንፍራንዝ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤልን ይዘክራሉ፤ እኛም በየዓመቱ ከጎንደር እንወርዳለን። ባለቤቴ ድፎ ዳቦውን ጋግራ፣ ልጆቹን አልብሳ፣ በር ላይ ቆማ ትሸኘናለች። አምና አማቴ ጉልበታቸው ደክሞ ከመደብ ሳይነሱ ተቀበሉን። ከኋላችን በሩን ሲያዩ ቆዩና «ምነው፣ ዘንድሮም አልመጣችም?» አሉኝ። እየተናደድኩ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ለባለቤቴ ስነግራት ሳህን ማጠቧን አላቆመችም።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ችግሬን ነገርኳቸው። «የሚያዞረው ዝቅ ያለው ማኪና ነው፤ ከፍ ያለ አያዞርም» አሉኝ። ሐኪም የነገረኝ ያህል ደስ አለኝ። ያጠራቀምናትን ገንዘብ ለጭማሪ አስቤ፣ አሮጊቷን ባገለገለች ሚኒቫን የሚለውጠኝ ሰው እንዲፈልግልኝ ደላላ ያዝኩ።

ደላላው ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ወዳሉ አንድ የቅመም ነጋዴ ወሰደኝ። ሐጂ ዘጠኝ ልጅ አሳድገው የዳሩ ሰው ናቸው። ሚኒቫናቸው በሰፈራቸው ጠባብ መንገድ አልገባ እያለች ስላስቸገረቻቸው ትንሽ መኪና ይፈልጋሉ። ሱቃቸው በር ላይ ስንደርስ ደላላው ክንዴን ያዘኝ። «መምህር፣ ሥራህ ሻይ መጠጣት ብቻ ነው። አፍህን ከከፈትክ አለቀልን።»

ሐጂ ሻይ አስቀዱልንና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መምህር፣ የዕቃን ጉድለት ደብቆ መሸጥ በእኛ ሐራም ነው። እወቀው፤ ከኋላ ስንት ዘመን በርበሬ ጭኜባታለሁ። ባጥበው ባጥበው ሽታው አልለቅ አለ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ያነጥሳል፣ ዓይኑም ያለቅሳል። ጋቢናው ግን ሰላም ነው።»

ደላላው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እኔ ደግሞ መበለጥ አልወድም። እሳቸው እንዲህ ሐቀኛ ሲሆኑ እኔ ዝም ብዬ ሻይ ልጠጣ?

«የእኔዋ ደግሞ የግራ የኋላ በሯ ከውስጥ አይከፈትም» አልኩ። ደላላው እግሬን ረገጠኝ።

«የእኔዋ የዝናብ መጥረጊያዋ ሲዘንብ አይሠራም» አሉ ሐጂ። «ፀሐይ ሲወጣ ይሠራል።»

«የእኔዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ ክላክሷ ይጮኻል። መንገደኛው ሁሉ ሰላም ያልኩት እየመሰለው እጁን ያነሳልኛል።»

«የእኔዋ ዘይት ትጠጣለች።»

«የእኔዋ ውኃ ትጠጣለች፤ ጀሪካን ይዤ ነው የምሄደው።»

ደላላው ብድግ አለ። «ንስሐ ልትገቡ ነው የመጣችሁት ወይስ ማኪና ልትለዋወጡ?»

አንድ ጉድለት ቀርቶኝ ነበር፤ ከባዱ። እሱን ከተናገርኩ ነገሩ ይፈርሳል፣ ባለቤቴም ለኅዳር ሚካኤል እንደገና በር ላይ ልትቆም ነው። ሻዬን ሁለት ጊዜ ፉት አልኩ። አልቻልኩም። «ሐጂ፣ ሰው ከሞላባት ከአዘዞ በላይ ያለውን ዳገት አትወጣም። ወርደን እየገፋን ነው የምንመጣው» አልኳቸው።

«ስንት ሆናችሁ?»

«ስድስት። ባለቤቴን ማኪና ያማታል፣ እሷ አትሄድም።»

ሐጂ ትንሽ አዩኝ። «የእኔም ባለቤት ልጆቹ ቤት ሳሉ ያማት ነበር። ልጆቹ ተድረው ሲወጡ ተዋት» አሉ። በዕድሜ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። «አሁን እኛ ሁለት ሰው ብቻ ነን፤ ሁለት ሰው ይዛ ካልወጣች ምኑን ማኪና ሆነች?» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጨበጥኳቸው። ደላላው ኮሚሽኑን ሲቀበል እንኳ ያመነ አይመስልም ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ማለዳ ባለቤቴን ጋቢና አስቀመጥኳት። አንድ ሎሚ እንድታሸትት፣ ሁለት ፌስታል ደግሞ ለክፉ ቀን ሰጠኋት። እናቴና ልጆቹ ከኋላ ሆነው ገና አዘዞ ሳንደርስ በየተራ ማነጠስ ጀመሩ። ባለቤቴ መስኮቱን ከፍታ፣ ቆሎዋን እየቆረጠመች፣ በየመንገዱ የምታየውን ሁሉ ትነግረኛለች። ይህን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ሎሚው ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ ነው። እኔ መንገዱን ትቼ ፊቷን አያለሁ፤ አሁን ያማታል፣ አሁን ያማታል እያልኩ።

ማክሰኚትን ስናልፍ አላስቻለኝም። «አላዞረሽም?»

«ምን ያዞረኛል?»

«ታዲያ እስከ ዛሬስ?»

አፏ ውስጥ ያለውን ቆሎ ጨርሳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንበር አልነበረማ። እናትህን ውረጂ ልበላት? ወይስ ልጅ ላስቀር? አንዳችን መታመም ነበረብን።»

«በሕዝብ ሚኒባስ ለብቻሽ ብትሄጂስ ኖሮ?»

«ማኪና ያመኛል ካልኩ በኋላ በምን አፌ?»

መሪውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ሐጂ ፊት የክላክሱንም የበሩንም ስናዘዝ የዋልኩ ሰው፣ ሚስቴን ምን ሆንሽ ብዬ አንድ ቀን አጥብቄ አልጠየቅኳትም። አፈርኩ። ማርሽ ቀየርኩ።

እንፍራንዝ ስንደርስ መኪናዋ በደንብ ሳትቆም ባለቤቴ በሩን ከፈተች። አማቴ ግድግዳውን ተደግፈው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ሮጣ ሄዳ አቀፈቻቸው። ይዛው የወረደችው ሎሚ ከእጇ ወድቆ ግቢው ውስጥ ተንከባለለ።

እኔ ሞተሩን ማጥፋት ረስቼ ተቀምጫለሁ። ትልቋ ልጄ አንገቷን በመቀመጫው ላይ አስግጋ «አባባ፣ ምነው ዓይንህ?» አለችኝ።

«በርበሬው ነው» አልኳት።

እናቴ አንድ ጊዜ አነጠሱና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «በርበሬውማ እኛ ጋ ነው፣ ልጄ» አሉ።