ሽቶና ነጭ ጽጌረዳ

ሽቶ የሚረጭ ሚዜ ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ኡራኤል አካባቢ አበባ ቤት አለኝ። ታናሽ እህቴ ስታገባ አበባውን ሌላ ሰው እንዲነካብኝ አልፈለግሁም። ስልኳ ላይ ያሳየችኝ ፎቶ ሁሉ ነጭና ክሬም ነበር። «ሮማንቲክ፣ ግን ሞደርን፤ በቃ፣ ገባሽ አይደል?» አለችኝ። ገብቶኛል። ለውጭ ገበያ ከሚያመርት እርሻ ነጭ ጽጌረዳ አስመጣሁ፤ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ እንከን የማይወጣለት። ሽታ ግን የለውም።

በሠርጉ ጠዋት እናቴ አምስት ቀይ ጽጌረዳ ቆርጣ መጣች። የካዛንቺስ ቤታችን ሲፈርስ ከግቢው ነቅላ በባልዲ ይዛው የወጣችው ተክል ነው። ቄራ በተከራየነው ቤት በረንዳ ላይ ሲያብብ ያ የመጀመሪያው ነበር። እኔና እህቴ ያደግነው እሱን እያሸተትን ነው።

«አንዷን እንኳ እቅፍ አበባዋ መሀል ሰኪላት» አለችኝ።

«እማዬ፣ ቀለሙን ታበላሽብኛለች። ደግሞ ትል በልቷታል» አልኳት፣ በእህቴ ፊት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እናቴ አበቦቹን ይዛ ወደ ሳሎን ገባች።

ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር መጣ። ሴቶቹ እንደ ወጉ በር ላይ ከለከሏቸው፤ ተዘፈነ፣ ተገፋፉ፣ ገቡ። አንደኛ ሚዜው ሽቶውን እየረጨ ሳሎኑን ዞረ። ይርጭ፣ ወግ ነው። እህቴ ጋ ሲደርስ ግን ጎንበስ ብሎ እቅፍ አበባዋን አሸተተ።

«ይሄ አይሸትም እንዴ? ማለቴ፣ ሙሽራ ይዛው!» አለና ጠርሙሱን አስጠግቶ ደጋግሞ ረጨበት። ሰው እልል አለ። «ተው!» ብዬ ስጮህ የሰማኝ የለም።

ሽቶ አልኮል ነው፤ ነጭ አበባ አይችለውም። ፎቶ ተነሥተን ሳንጨርስ ጠርዝ ጠርዙ እንደ ተላጠ ሙዝ ጠቆረ። ሚዜውን ጎትቼ ጓዳ አስገባሁትና የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

«ይቅርታ፣ እንዲሸትላት ብዬ እኮ ነው» አለኝ።

እንዲሸትላት! ይሄ ይባስ አናደደኝ።

ውጭ መኪኖቹ ጥሩምባ ይነፋሉ። የጠቆሩትን ነቃቅዬ ጣልኩና እቅፉ መሀል የቀረውን ክፍተት አየሁት። ወደ እናቴ ሮጥኩ።

«ጽጌረዳዎቹስ?»

በአገጯ ወደ ሳሎኑ ወለል አሳየችኝ። «ስላልፈለግሻቸው በታትኜ ከቀጤማው ጋር ጎዘጎዝኳቸው። እህትሽ ረግጣቸው እንኳ ትውጣ ብዬ።»

በአዲሱ ቀሚሴ ተንበርክኬ ቀጤማውን ገለባበጥኩት። ያ ሁሉ ጨፋሪ የረጋገጠው ቀይ ነገር ጣቴ ላይ ተለጥፎ ቀረ፤ ለእቅፍ የሚሆን አንድም አልተረፈም። እህቴ «ተይው በቃ» አለችኝና ክፍተቱን በመዳፏ ሸፍና ወጣች።

እጄን አሸተትኩት። የካዛንቺሱ ግቢያችን ነው። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኋትም።