ሁለት ዓይነት ገብስና የሰኔ ደመና

ሰኔ ሲገባ ደብረ ታቦር ከደመናው በላይ ትሁን በታች አይለይም ነበር። ጠዋት በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጓሮ የቆመውን የዝናብ መለኪያ ለማየት ስወጣ፣ አጥሩም ባሕር ዛፉም እኔም በጉሙ ውስጥ ገና ያልተፈጠርን እንመስል ነበር። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ፣ ከእህቴ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ለዚህ ይሆናል ቁጥር ሲዛባ የሚያመኝ።

በዚያ ዓመት ጉሙ መጣ እንጂ ዝናቡ አልመጣም። መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት የገብስ ዘር ነበር፤ አንዱ ብዙ የሚሰጥ ግን ዘግይቶ የሚደርስ፣ ሌላው ቶሎ የሚደርስ ግን ምርቱ ሳሳ ያለ። ወደ ጉና ግርጌ የሚሄደው መኪና የትኛውን እንደሚጭን የሚወስኑት የአውራጃው አስተዳዳሪ ናቸው። የታላቅ እህቴ ማሳ እዚያ ነው። ዘሩ ካልሆነ ልጆቿ የሚበሉት የለም።

አለቃዬ በየሰኞው ስብሰባ ሪፖርታችንን ያነባል፦ ዝናቡ ከመደበኛው በታች ነው፤ ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ጎድሏል። አስተዳዳሪው እርሳሳቸውን እያሽከረከሩ ይሰሙና ቀጥል ይሉታል። ስህተት የለበትም፤ ግን የትኛው ዘር ይሂድ ለሚል ሰው ምንም አይነግርም።

የድሮዎቹን ዓመታት መዝገብ አገላበጥኩ። ዝናቡ ዘግይቶ በገባባቸው ዓመታትም መውጫው እንደ ወትሮው መስከረም ነበር፤ ዘግይቶ ስለ ገባ አይቆይም፤ ሰማዩ ሲጠራም ውርጭ ይከተላል። ስለዚህ እስከ ሰኔ ሚካኤል መሬቱ ካልራሰ ቶሎ የሚደርሰው ዘር ይሂድ ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ደነገጠ። ሚካኤልን ለአብዮቱ ስብሰባ ልታቀርቢ ነው ወይ ብሎ ሰረዘና «ሰኔ አሥራ ሁለት» አለው።

ሰኞ በስብሰባው አነበበው። ከዚያ ከኋላ የተቀመጡት የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል፣ «ሚካኤልን ነው?» አሉ። ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። አስተዳዳሪውም አንገታቸውን ደፉ፤ ቀና ሲሉ ግን እርሳሱን አስቀምጠው ነበር። ማን ጻፈው አሉ። ተነሣሁ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም፣ ጓድ።»

አለቃዬ ጠረጴዛውን ያይ ጀመር።

«ታዲያ ምን ይዤ ልወስን?»

«ቶሎ የሚደርሰውን ልከን ብንሳሳት ምርቱ ያንሳል። ዘግይቶ የሚደርሰውን ልከን ብንሳሳት ሳይበስል ውርጭ ይመታዋል፤ የሚታጨድ አይኖርም። ከሁለቱ ስህተት የቱን እንደምንችለው እርስዎ ይወስኑ።»

ሚካኤል ደረሰ፤ መሬቱ ከላይ ወዝቶ ከሥሩ አቧራ ነበር። መኪናው ቶሎ የሚደርሰውን ጭኖ ጉሙ ውስጥ ገባ፤ ድምፁ ከጠፋ በኋላም እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ዝናቡ ኋላ ገባና በጊዜው ወጣ። ውርጩ ግን በዚያ ዓመት ሳይመጣ ቀረ። ኅዳር ላይ እህቴ ዘንድ ስሄድ የራሱን፣ ዘግይቶ የሚደርሰውን የቆየ ዘር የዘራው ጎረቤቷ ማሳ በነፋሱ እንደ ውሃ ይተኛል፣ ይነሣል፤ ያምራል። የእሷ ታጭዶ ተወቅቷል፤ ጎተራው እስከ አፉ አልሞላም። ቆሎ በእፍኜ እየጨመረችልኝ ያንቺ ሳይንስ ገብሴን አሳነሰው አለችኝ። ጎረቤቷ እንዴት እንደሚያሾፍባትም ነገረችኝ።

ቆሎውን ቆረጠምኩ። ማሳው አሁንም ይተኛል፣ ይነሣል።

«ውርጩ መጥቶ ቢሆንስ?» አልኳት።

«መጥቶማ ቢሆን ይኸን ቆሎ እየበላሁ እመርቅሽ ነበር እንጂ እሰድብሽ ነበር?» አለችና እፍኜን ደግማ ሞላችው።