በሙጫ የተለጠፈው ፎቶ

ባለፈው ጥቅምት ወንድሜ ይርጋ የአባታችንን የፎቶ ሣጥን ከፍቶ ወደ እኔ ሲያስጠጋው፣ ያ የኮመጠጠ፣ ጉሮሮ የሚከረክር የፊልም ማጠቢያ ሽታ ብድግ ብሎ መጣና ዘጠኝ ዓመቴ ላይ መልሶ አስቀመጠኝ። ሌላ ሰው ቢያሸተው የከረመ ኮምጣጤ ይመስለዋል። ለእኔ ግን የአባቴ እጅ ሽታ ነው፤ የደም ሽታም ነው፤ ሁለቱን ለያይቼ አሽትቼ አላውቅም።

አባታችን ጎንደር ፒያሳ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረው። ዝምተኛ ሰው ስለነበር የቤታችንን ድምፅ ጠቅልላ የያዘችው እናቴ ነበረች። እናቴ ከአዲ አርቃይ በላይ ካለው ደጋ የመጣች ናት፤ በፍቅሯም በቁጣዋም እጇ ይቀድማታል። ስታቅፈን አጥንታችን ይንቋቋል፣ ስትመታን ደግሞ አትመርጥም፤ ማማሰያም ይሁን ጫማ እጇ የገባውን ታነሳ ነበር። አንዴ ይርጋ የጎረቤት ዶሮ በድንጋይ ቢገድል ማማሰያው ሁለት ቦታ እስኪሰበር ደብድባው፣ ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ቅቤ ስትቀባ ዋለች። እኛም እንዲህ ያለውን ነገር የእናት ወግ አድርገን እንቆጥረው ነበር።

አያ ደሴ የመጣው ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ የሱቆቹን ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ውሃ ከጋቢው ሲንጠባጠብ እናቴ አቅፋው እንደ ሬሳ አለቀሰችበት። ታላቅ ወንድማቸው በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ጎረቤቱን በምሳር ፈልጦ ገድሎ ወደ በረሃ ወርዷል። በእነሱ አገር ገዳዩ ካልተገኘ ደሙ የሚፈለገው ከወንድሙ ነው። አያ ደሴ ገና በልጅነቱ ለቆሎ ተማሪነት ጎጃም ወርዶ እዚያው ስላደገ፣ ደመኞቹ ስሙን እንጂ መልኩን አያውቁም ነበር። ሽማግሌዎች እርቁን እስኪጨርሱ ድረስ ነፍሱ የተንጠለጠለችው በዚህች በአንዲት ነገር ላይ ብቻ ነበር።

አባቴ ከእኛ ጋር አኖረው፤ ሱቁ ጓዳ ባለችው ጨለማ ክፍልም ፊልም ማጠብ አስተማረው። ለሚደበቅ ሰው ከዚያ የተሻለ ሥራ ከየት ይመጣል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እየገባሁ በቀይዋ አምፖል ብርሃን አጠገቡ እቆም ነበር፤ ነጩ ወረቀት ውሃው ውስጥ ሲዋኝ መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ ጥርስ ብቅ ሲል እሱም እንደ እኔ ልጅ ሆኖ ይደነቅ ነበር። «የሰው መልክ እንዲህ በቀላሉ ይመጣል እንዴ!» ይል ነበር። መስከረም ላይ አዲሱን ደብተሬን ጭቃ ውስጥ ጥዬው መጥቼ እናቴ ፍልጥ ስታነሳብኝ፣ መሀል ገብቶ ክንዱ ላይ ተመታልኝና፣ ክንዱ አብጦ ሳለ «ደህና ነው፣ እጅሽ ገና አገር ቤት ነው ያለው» ብሎ አሳቃት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአያ ደሴ ኋላ የማልታይበት ጊዜ አልነበረም።

ጥር ሲደርስ አባቴ የጥምቀትን በዓል ሊያነሳ ቀሐ ወንዝ ወረደ፤ ሕዝቡ ባሕር ነውና ማንም አያውቀኝም ብሎ አያ ደሴ ቦርሳ ተሸክሞ፣ እኔም የነጠላውን ጫፍ ይዤ ተከተልን። ከሰዓት በኋላ ታቦት ሲመለስ የሁለት ሰፈር ጎረምሶች እየጨፈሩ መጥተው በአንድ መተላለፊያ ተጋፉ፤ አንዱ የአንዱን እግር ረገጠ፣ ዱላ ወጣ። ዱላ ራስ ቅል ላይ ሲያርፍ ድምፁ ደረቅ ቅል እንደሚሰበር ነው፤ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አንድ ልጅ ወድቆ ሲረጋገጥ አያ ደሴ ቦርሳውን ለእኔ ወርውሮ ገባና በብብቱ ይዞ ጎትቶ አወጣው። ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ደሙ አገጩ ላይ እየወረደ፣ በሳቅ ሲመለስ አባቴ አነሳው።

ፊልሙ ላይ አንድ ፎቶ ብቻ ቀርታ ነበር፤ ሳያልቅ አይወጣም፣ ካልወጣ አይታጠብም። አባቴ ኋላ ያቀረበው ምክንያት ይኸው ነበር። እኔ ግን ፊቱን አይቼዋለሁ፤ እንዲያ ያለ መልክ ሲያልፍ ጣቱን መያዝ የማይችል ሰው ነበር።

የአያ ደሴ ሳቅ ወዲያው ጠፋ። «ምነው ጋሼ? እኔ እንደሆነ ሞቴ መልኬ ነው። አቃጥልልኝ» አለው።

አባቴ እሺ አለ፤ በሳምንቱም ለእሱና ለእናቴ «አቃጥየዋለሁ» ብሎ ነገራቸው። አላቃጠለውም። ቁም ሳጥን ውስጥ በሚቆለፈው አልበም መጨረሻ ገጽ ላይ፣ አራቱን ጥግ በሚይዙ ትንንሽ ጥቁር ወረቀቶች ሰክቶ አስቀመጠው። አባቴ ሙጫ አይወድም ነበር፤ «ሙጫ ፎቶን ይበላዋል» ይል ነበር። ቁልፉ ያለበትን ስለማውቅ፣ ማንም ሳያየኝ እያወጣሁ ያንን ሳቅ አይ ነበር።

ፋሲካ አለፈ፤ በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ቀን አንድ ሰው በራችንን አንኳኳ። ንጹሕ ጋቢ የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። ከደባርቅ መምጣቱን፣ ለልጁ ሠርግ ፎቶ የሚያነሳ ሰው እየፈለገ አባቴ ቤት መላኩን ተናገረ። እናቴ የአገሯ ሰው ነውና «ሱቅ ነው ያለው፤ ግን ሳይቀምሱ አይሄዷትም» ብላ አስቀመጠችውና ወጥ ልታወጣ ጓዳ ገባች። በዚያን ጊዜ ጎንደር እንግዳ ሲገባ ምግቡ እስኪቀርብ አልበም ይሰጠዋል፤ እንግዳን ባዶ እጁን ማስቀመጥ ነውር ነበር። ያለ ፈቃድ ቁም ሳጥን መክፈት ለእኔ ክልክል ነበር፤ እኔ ግን እንደ ትልቅ ሰው ማስተናገድ ፈልጌ ከፍቼ አልበሙን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

ቀስ እያለ ገለጠ፣ ስለ ሁሉም ጠየቀኝ፣ ስለ ሁሉም ነገርኩት። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይኼስ ማነው፣ የኔ ልጅ?»

«አያ ደሴ ነው፤ አጎቴ።»

«ሸጋ ሰው ነው» አለ። «እስቲ ውሃ አምጪልኝ።»

ውሃውን ይዤ ስመለስ አልበሙ ተዘግቶ ነበር፤ የእናቴን ኮቴ ስሰማ አፍሼ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፣ ቆለፍኩት። እናቴ የበግ ወጡን ስታቀርብ ሰውየው ተነሳ። «ዓርብ አይደል፣ እኔ ጾመኛ ነኝ» ብሎ ወጣ። እናቴ መሶቡን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ዓርብ እንደማይጾም ደገኛ ሁሉ ያውቃል። ሰው ሊገድለው ከመጣው ሰው ቤት እንጀራ አይቆርስም፤ ይህንንም ታውቅ ነበር።

አያ ደሴ ሲመጣ «ከቤት አትውጣ» አለችው፣ እግሩ ላይ ወደቀችበት። እሱ ግን አነሳት፤ «መልኬን ማን አይቶ? ቢያልፈኝስ ያውቀኛል?» አለ። አባቴ ቀና ብሎ ቁም ሳጥኑን አየው፤ እንደተቆለፈ ነበር። እኔ አፌ ውስጥ ያለውን እንጀራ ማላመጤን ቀጠልኩ። ሁለቱን ነገር አላገናኘሁም ነበር፤ ወይም ማማሰያውን ፈርቼ ላገናኝ አልፈለግሁም፤ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ የደብሩ በር ላይ ያ ሰው ቆሞ ነበር። እኔ ነኝ አስቀድሜ ያየሁት። «አያ ደሴ፣ ያ እንግዳችን» ብዬ በጣቴ አሳየሁት። ሰውየው መዳፉ ላይ የያዘውን ወረቀት አየ፣ ቀና ብሎ አያ ደሴን አየ፣ ሽጉጡን ከጋቢው ስር አወጣ። አያ ደሴ እኔን በደረቴ ገፍቶ መሬት ጣለኝ። የመጀመሪያው ጥይት አንገቱን፣ ሁለተኛው ደረቱን መታው፤ ሦስተኛው ወድቆ ሳለ ነው። ደሙ ነጠላዬ ላይ ሲረጭ ሙቅ ነበር። ሴቶች ሲጮኹ ሰውየው ሽጉጡን መሬት ጥሎ ፎከረ፤ ደሜን መለስኩ እያለ፣ ፖሊስ እስኪይዘው ድረስ ካለበት ንቅንቅ አላለም። አያ ደሴ እጁ ጫማዬን እንደያዘ ሞተ።

ከቀብሩ ማግስት አንድ ፖሊስ ከገዳዩ ኪስ የተገኘውን ፎቶ ይዞ መጣ። እናቴ አየችው፤ ከዚያ አባቴን አየችው። «አቃጥየዋለሁ ብለኸኝ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበርና ከጩኸቷ ይልቅ ያ አስፈራኝ። አባቴ ሄዶ ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ጥቂት ቆየ፣ ዘጋው። ሲመለስ ዓይኑ ለአፍታ እኔ ላይ አረፈ።

«ሱቁ መስታወት ላይ ሰቅዬው ነበር» አለ። «ከዚያ ነው የወሰደው።»

እናቴ ዘነዘናውን አንስታ ወረወረችበት። ግንባሩ ተተረተረ፤ እጁን እንኳ አላነሳም። ካሜራውን ከሚስማሩ አውርዳ ደጁ ድንጋይ ላይ እየደጋገመች ፈጠፈጠችው፤ ይርጋ ያለቅሳል፣ አባቴ ደሙን ሳይጠርግ ቆሞ ያያታል። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ መሀል ደስ አለኝ። ሱቅ ሌላ ቅጂ ከነበረ እኔ አይደለሁም ማለት ነው ብዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ያንን አልበም ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስካለፈው ጥቅምት በእጄ አልነካሁትም።

ያ ክረምት ሲገባ አባቴ በተውሶ ካሜራ የመታወቂያ ፎቶ ማንሳት ጀመረ፤ ሌላ ነገር ዳግመኛ አላነሳም። እናቴ አብራው ኖረች፣ አበላችው፣ አስታመመችው፤ ግን ስሙን ጠርታው አታውቅም፣ «አንተ ሰውዬ» ነበር የምትለው። ሲሞትም ለቀስተኛው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ አላለቀሰችም፤ የግንባሩን ጠባሳ ብቻ እያየች ተቀመጠች።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት ይርጋ ፎቶዎቹን በስልኩ እያነሳ ለዘመዶቻችን በቴሌግራም ሊያካፍል ነበር ሣጥኑን የከፈተው። አልበሙም እዚያው ውስጥ ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ የእኔ ፎቶ አለ፤ የትምህርት ቤት ልብስ ለብሼ፣ ሁለት ጥርስ ጎድሎኝ። «ይኼኛው ምነው በሙጫ ተለጠፈ? አባባ ሙጫ ይጠላ አልነበር?» አለና በጥፍሩ ጫፉን አላቀቀው። ከሥሩ አራት ባዶ ጥቁር ጥጎች ነበሩ፤ በመሀላቸው ወረቀቱ ፎቶ ሸፍኖት እንደኖረ ሁሉ ነጣ ያለ። ሱቁ መስታወት ላይ የተሰቀለ ፎቶ አልነበረም። አባቴ ባዶውን ቦታ አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ የጠላውን ሙጫ ቀባና በእኔው ፊት ሸፈነው።

አልበሙን ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ዛሬ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ የገዛ ስኒዋን እንኳ አትይዝም። ቁጭ ብዬ ከዓርቡ ቀን ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት።

«ያን ቀን ብሰማ ኖሮ እገልሽ ነበር» አለች። ለማስፈራራት አልነበረም፤ የወጥ ቤት ነገር እንደምትናገር ነበር ያለችው። «ዘነዘናው እጄ ላይ ነበር። አባትሽ ያውቀኝ ነበር።»

ቀጥላ «ስንታየሁ» አለች፤ የአባቴ ስም ነው፤ አያ ደሴ ከሞተ ወዲህ ከአፏ ስሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ከዚያ በቀብሩ ያላለቀሰችውን አለቀሰች፣ እኔም ያለቀስኩት ከእሷ ጋር ነው። ሲበርድላት የአባቴን ፎቶ እንድፈልግላት ጠየቀችኝ። የሰው ሁሉ መልክ ሲያነሳ የኖረ ሰው የራሱ ያለው የቀበሌ መታወቂያው ላይ ብቻ ነበር። ከመታወቂያው አላቅቄ በባዶዎቹ ጥጎች መሀል ባስቀምጠው አነሰ፤ አንዱም አልያዘውም።

«በሙጫ ለጥፊው» አለችኝ።

«ሙጫ አይወድም ነበር እኮ፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ። ለጥፊው።»

ያኔ እንግዳ ገና ሳይቀምስ የቤታችንን ሰው ሁሉ በአልበም ዘርግተን እናሳየው ነበር። ዛሬ ልጆቼ የቤታችንን መልክ በስልካቸው ለማያውቁት ሰው ሲበትኑ ይውላሉ፤ ብቆጣቸው ይስቁብኛል። እኔ ግን በቤቴ እንግዳ ሲመጣ አስቀድሜ መሶቡን አቀርባለሁ፤ እጁ እንጀራ እስኪቆርስ ድረስም ቆሜ አያለሁ።