ሦስት ፔዳል፣ ሁለት እግር

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ዲላ

ጎህ ሲቀድ ተነሣን ብል ውሸት አይሆንም፤ ጎህ ሲቀድ ተጣላን ብል ግን የበለጠ እውነት ነው። እኔና ባለቤቴ ታደለች ስለ መኪና መጨቃጨቅ ከጀመርን ሦስት ወር ሆኖናል። እኔ ማንዋል እላለሁ፣ እሷ አውቶማቲክ ትላለች። ማርሹን በእጁ የማይቀይር ሰው ተሳፋሪ እንጂ ሹፌር አይደለም ባይ ነኝ። ታደለች መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ግን እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘሁለት አንድ ጥያቄ አላት።

«ፍሬን አንድ፣ ነዳጅ አንድ፣ ፍሪሲዮን አንድ። ሦስት ፔዳል ነው። የኔ እግር ሁለት ነው። ዳገት ላይ ሦስተኛውን ከየት ላምጣ?»

ነገሩ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የታደለች አባት፣ አባባ ጅግሶ፣ ቡሌ ደጋው ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቷል። ሐኪሙ ዲላ ወርደው ቢታከሙ ያያሉ ብሏል። እሳቸው ግን በሞተር አልወርድም፣ በሚኒባስ አልወርድም፣ ልጄ መኪና ስትይዝ ያን ጊዜ ይታያል ብለው እንቢ እንዳሉ ናቸው። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ከገባ ደግሞ የቡሌ መንገድ መንገድ መሆኑን ይተዋል። እንግዲህ የዛሬው ጉዞ መኪና መምረጫም ነው፣ አማቴን ማውረጃም ነው።

ሐጂ ሸምሱ ግቢ ደረስን። ሐጂ መለዋወጫ ይሸጣሉ፣ ያገለገሉ መኪኖችም ያቆማሉ። በዲላ የእሳቸው ብሎን ያልገባበት መኪና የለም። ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሁለቱም ባለ ፎር ዊል፣ ሁለቱም ከኔ ተማሪዎች በዕድሜ የሚበልጡ። አረንጓዴዋ ማንዋል ናት፣ ነጯ አውቶማቲክ።

«ሐጂ፣ እርስዎ የትኛዋን ይመክሩናል?» አልኳቸው።

«እኔ መኪና ሻጭ ነኝ፣ የባልና ሚስት ሽማግሌ አይደለሁም» አሉና ሁለቱንም ቁልፍ ሰጡን። «በአስፋልት እስከ ወናጎ፣ በጭቃ እስከ ቡሌ ነድታችሁ እዩዋቸው። ማታ አንድ መኪና መርጣችሁ ከመጣችሁ እሸጣለሁ። ሁለት መርጣችሁ ከመጣችሁ አልሸጥም።»

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፤ ወናጎ

እስከ ወናጎ እኔ አረንጓዴዋን፣ ታደለች ነጯን ይዘን ሄድን። ግራና ቀኙ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው መሐል ደብተር የያዘ ልጅ ብቅ ይላል። መናኸሪያው አጠገብ ፍርፍር በላን፤ ሻይ ሃያ ብር ገብቷል፣ ብርጭቆው ግን ያው ትንሹ ነው።

«ለፍርድ እንዲመች እንቀያየር» አለች ታደለች። እሺ አልኩ። ባልል ይሻለኝ ነበር።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግራ እግሬ አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚያውቀው፦ ፍሪሲዮን መርገጥ። ነጯ ላይ ፍሪሲዮን የለም። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ እግሬ አልሰማም። ከመናኸሪያው ወጥቼ ትንሽ እንደሄድኩ ማርሽ ልቀይር ብሎ ሲወርድ ሰፊ ፔዳል አገኘና ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። ፍሬን ነበር። መኪናዋ ባለችበት ደርቃ ቀረች፣ ግንባሬ ከመሪው ጋር ሰላም ተባባለ፣ ከኋላዬ የነበረ ባጃጅ ሊያመልጠኝ ሲል ቦይ አፋፍ ላይ ቆመ። የጫነው አቮካዶ በአስፋልቱ ላይ ተበተነ።

ባለ ባጃጁ ራሱን ይዞ ወረደ። «ጋሼ፣ ምን ገባብህ? ዶሮ ነው?»

«እግሬ ነው።»

«እና እግርህን ማነው የሚነዳው?»

የሰፈሩ ሰው ሳይጠራ ወጥቶ አቮካዶውን ለቀመለት። የተጨፈለቀውን እኔ ገዛሁ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደሄድኩ ደገምኩት። በዚህ መሐል ታደለች አረንጓዴዋን ሦስት ጊዜ አጥፍታ ሦስት ጊዜ አስነሥታለች፤ ወርዳ መጥታ በመስኮቴ አየችኝ።

«ያን ግራ እግርህን እሰረው» አለችኝ።

እስከ ዲላ ግራ እግሬን ከወንበሩ ሥር አጥፌ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ አስቀምጬ ነዳሁ። ዲላ ስንደርስ ቁልፍ ተለዋወጥንና ወደየመኪናችን ተመለስን።

4 ሰዓት፤ የቡሌ ዳገት

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ቀዩ ጭቃ ጎማ ይዞ አለቅም ይላል። እኔ ከፊት ነኝ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ደግሞ አንደኛ፤ አረንጓዴዋ እያጓራች ትወጣለች፣ እኔም ብቻዬን አፌን ሞልቼ እያወራሁ ነው። «ይሄ ነው መኪና! ይሄ ነው መንዳት!» እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም።

አንዱ ጥምዝ ላይ ቀርከሃ የተሸከሙ ሰዎች መንገዱን ሞልተው መጡ። ቀርከሃው ረጅም ነው፣ መዞሪያው ጠባብ ነው። ቆምኩላቸው። ሲያልፉ ልነሣ አልኩና የታደለች ጥያቄ ፊቴ ተደቀነ፤ ሦስት ፔዳል፣ ሁለት እግር። የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ፤ ይዞ የማያውቅ የእጅ ፍሬን ነው።

አሁን የምጽፈውን ያን ሰዓት ታደለችም አታውቅም ነበር። ግራ ጉልበቴ ከታመመ ዓመት አልፎታል። አስፋልት ላይ ይችላል፤ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዘህ ጠብቅ ሲሉት ግን ይንቀጠቀጣል። ተንቀጠቀጠ። መኪናዋ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ነዳጅ ስሰጣት ጮኸች፣ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ጥምዙን ሞላው። ከባለ ቀርከሃዎቹ አንዱ ሸክሙን ጥሎ ሮጠና ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገልኝ። ሽታውን ወደ ላይ ስቦ ጠየቀኝ።

«ይሄ የሚቃጠለው መኪናው ነው፣ አንተ ነህ?»

ታደለች ከኋላ ቆማ ነበር። ማርሹን ኤል ላይ፣ ዳገት መውጫው ላይ፣ አደረገችና አንዲት ጋት ሳትንሸራተት፣ ቀስ ብላ፣ በጎኔ ወጣች። አጠገቤ ስትደርስ መስኮቷን አወረደች።

«ሦስተኛ እግር ላውስህ?»

ባለ ቀርከሃዎቹ ገፍተው አወጡኝ።

6 ሰዓት፤ ቡሌ

ቡሌ በጭጋግና በብርድ ተቀበለን። ታደለች መብራት አብርታ ነው የገባችው፤ ይህን ያዙልኝ። አባባ ጅግሶ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው፤ ጆሯቸውን ግን የሚያመልጠው የለም። ጌዴኦኛ ስለማልችል እኔ ባለሁበት በአማርኛ ነው የሚያወሩት፤ ወንድና ሴቱን፣ አንድና ብዙውን እያቀላቀሉ።

«ሁለት መኪና መጣ» አሉ። «አንዱ ታማለች። ሲወጣ ሰማሁ።»

የታመመችው የኔዋ ናት። ቆጮ በጎመንና በአይብ በላን፤ ብርዱም ጨቅጫቃው ሆዴም ዝም አሉ። ከምሳ በኋላ አባባ ጅግሶ ዱላቸውን አንሥተው «አይቼ ነው የምሳፈር» አሉ። ማየት ማለት ለእሳቸው መዳበስ ነው።

መጀመሪያ አረንጓዴዋ ውስጥ ገብተው የማርሹን እጀታ ጨበጡ። «ምን ይላል?»

«ቁጥር ነበረው፤ ተፍቆ አልቋል» አልኳቸው።

«መላጣ ነው። እንደ አማቼ።»

ቀጥለው ነጯ ውስጥ ገቡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጌዴኦኛ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፣ አባባ ጅግሶም በጎልማሳነታቸው ማታ ማታ ተምረው ፊደሉን ቆጥረዋል። ዓይናቸው ሳይጠፋ ለጎረቤት ደብዳቤ የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ። ፊደል የተጻፈበት ነገር ሳይነበብላቸው አያልፍም።

«ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ፣ ኤል» ብላ አነበበችላቸው ታደለች።

«ዲ ምንድነው?»

እኔ ብሆን መንጃ ነው እል ነበር። ታደለች አባቷን ልታስቅ ፈለገች። «ዲ ዲላ ነው፣ አባባ። እዚህ ላይ ስናደርገው ዲላ ይወስደናል።»

አልሳቁም። ጣታቸውን ፊደሎቹ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሱት። «ቢስ?»

«ቢ?»

«ቢ ለቡሌ። የት አለ?»

ታደለች ወደኔ አየች። እኔ ወደ ጭጋጉ አየሁ። «ቢ የለም፣ አባባ» አለች።

«እህ!» አሉ። «ልጆቼ ሁሉ በዲ ሄደ። በቢ የመጣ የለም። እኔም በዲ ሄጄ እዛው ልቀር?» ጋቢያቸውን ሰብስበው ወርደው ወደ ቤት ገቡ።

ታደለች መሪውን እንደያዘች አለቀሰች። በዓመት ሁለቴ በኪራይ ሞተር ብቅ ትላለች፤ አድራ ግን አታውቅም። እኔ ጨርሶ ቀርቻለሁ። የጓደኛዬን ፒካፕ ተውሰን እንሂድ ባለችኝ ቁጥር «ያ መንገድ መንገድ ነው?» እላታለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል እንዲህ ያለውን። መንገዱ ምን አደረገኝ? አፈርኩ፤ ከማፈሬ ብዛት ደፈርኩና ተከትያቸው ገባሁ።

«አባባ፣ ያልመጣነው በመንገዱ አይደለም። ጉልበቴ ነው።»

«ጉልበት የለህም?»

«አለኝ፤ ግራው ታሟል። ፍሪሲዮን አይረግጥም። ሳፍር መንገዱን አማሁት። ነጯን እንገዛለን፣ የምትነዳውም ታደለች ናት። እኔ ዋስ።»

ታደለች በር ላይ ቆማ ሰምታኛለች። በኋላ ብዙ እንደምባል ገባኝ። አባቷን እጃቸውን ይዛ መልሳ መኪናው ውስጥ አስገባች፣ ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣችና ከኤሏ አጠገብ ቢ ጻፈች። ጣታቸውን ወስዳ አስነካቻቸው።

«ይቺ ናት። ዳገቱን የወጣሁት በዚች ነው፤ የምመልስህም በዚችው ነው።»

ጣታቸው ቀላ። «እርጥብ ነው» አሉ።

«አሁን ነዋ የጻፍኩት።»

«ደህና። ዓይኔ ሲድን አነባለሁ። ከሌለ ግን በእግሬ ነው የምመለስ።»

ኮፍያቸውን አድርገው፣ ዱላቸውን በጭናቸው መሐል አቁመው ተቀመጡ። ታደለች ቁልፉን አዞረች። ዝም። ለጭጋጉ ያበራችውን መብራት አላጠፋችውም ነበር፤ ባትሪው አልቋል።

የቡሌ ወጣት የቆመ መኪና ካየ አይጠየቅም። «ግፉ!» ብሎ መጣ። አውቶማቲክ መኪና ተገፍቶ እንደማይነሣ አውቃለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ባለ ቀርከሃዎቹና «ሦስተኛ እግር ላውስህ» ትዝ አሉኝና ዘጋሁት። ነጯን እየገፉ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞሩ። አባባ ጅግሶ ከፊት ወንበር ሆነው ግራና ቀኝ ሰላምታ ይሰጣሉ።

«ዲላ ደረስን?» አሉ በመጨረሻ።

«ገበያው ጋ ነን» አለች ታደለች በላብ ተጠምቃ።

«መኪናው ቡሌን ወደደች ማለት ነው።»

ኅሊናዬ ከዚህ በላይ አልቻለም። አረንጓዴዋን አምጥቼ ባትሪ ለባትሪ በገመድ አገናኘን፤ ነጯ ወዲያው ተነሣች። አረንጓዴዋ የዚያን ቀን ክብሯን ያገኘችው በዚህ ነው፤ እኔም ከእሷ ጋር ትንሽ ተካፈልኩ።

11 ሰዓት፤ ዲላ

ሐጂ ሸምሱ ግቢያቸው በር ላይ ነበሩ።

«ተስማማችሁ?»

«ነጯን ነው።»

«ማን ተሸነፈ?»

«ጉልበቴ» አልኳቸው።

ረቡዕ፤ ከዲላ ወደ ቡሌ

አንዱ ዓይን ተሠርቷል፤ ሁለተኛው በሚቀጥለው ቀጠሮ ነው። አባባ ጅግሶ ጥቁር መነጽር አድርገው ከሐኪም ቤቱ ወጡ። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ፣ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«አንተ፣ እንዲህ አርጅተሃል?»

ከፊት ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላ። ታደለች ሞተሩን ልታስነሣ ስትል እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። መነጽሩን ገፋ አድርገው ጎንበስ አሉ። «ፒ» አሉ። «አር። ኤን። ዲ። ኤል።» ታደለች ትንፋሿን ይዛለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ይዣለሁ።

«ቢ» አሉ። «ጠማማ ነው።»

«ቸኩዬ ነው የጻፍኩት።»

«ጠማማም ቢሆን አለ። ንዳ።»

ወጣን። ያ ጥምዝ ላይ ስንደርስ ታደለች ማርሹን ወደ ቀይዋ ፊደል አወረደችው፤ አባባ ጅግሶ እያዩ ነበር፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ በግራ እግሬ የሌለ ፍሪሲዮን ረገጥኩ።

ቡሌ 9 ሰዓት ላይ ደረስን። አባባ ጅግሶን በራቸው ድረስ አደረስናቸው። ሰማዩን አየሁት፤ ጭጋጉ ከላይ እየመጣ ነው። «ሳይወርድብን እንመለስ» አልኩ፣ እንደ ልማዴ። ታደለችም እንደ ልማዷ እሺ አለች፤ ሞተሩ እንደተነሣ ነው፣ እጇን ወደ ማርሹ ሰደደች።

አባባ ጅግሶ በተከፈተው መስኮት እጃቸውን አስገብተው እጇ ላይ ጫኑት።

«ዲ ዛሬ ይቅር» አሉ። «ነገ ነው ዲ።»

ታደለች ሞተሩን አጠፋች። መብራቱንም ማጥፋቷን ሁለት ጊዜ አረጋገጠች።