ባለ ቀይ ቀንዱ አጋዘን

ቬቱሪያ አብዳለች ይባላል። በሕማማት ሳምንት አቧራ የሌለው ምንጣፍ አውጥታ ስትደበድብና ሰው ስትሳደብ ዋለች ይላሉ። ውሸት ነው። ዱላ አላነሳችም፣ ማንንም አልተሳደበችም። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ወሬ ዓይኔ እያየ ሲበላሽ ደግሞ ያንገበግበኛል።

ቬቱሪያ ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋን በሩማንያዋ ባካው ከተማ ዳቦ ስትጋግር የጨረሰች ጎረቤቴ ናት። ከእናቷ የወረሰችው የግድግዳ ምንጣፍ አላት፤ ከሐይቅ የሚጠጣ አጋዘን አለበት። አንዱን ቀንድ ብል ሲበላው ቡናማ ክር አጣችና በቀይ ጠቀመችው። የተሰቀለው በልጇ በሳንዳ መኝታ ቤት ነው። ሳንዳ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በሯን ዘግታ በኮምፒዩተር የውጭ አገር ደንበኛ ታስተናግዳለች ሲባል ሰምተናል። አባቷ ከሞተ ወዲህ እዚያ ክፍል ወንድ ገብቶ አያውቅም።

ክረምት ላይ የሕንፃችን ሊቀመንበር ኦክታቭ ደረጃው ላይ አገኛት።

«እትዬ ቬቱሪያ፣ ባለ ቀይ ቀንዱ አጋዘን ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፤ አንተን ግን አያውቅህም» ብላ ሳቀች።

በማግስቱ የአራተኛ ፎቁ ሾፌርም ያንኑ ጠየቃት። ያን ጊዜ ሳቋ ደረቀ። ቀጥታ ልጇ ዘንድ ገባች። ግድግዳችን ስስ ነው፣ ጆሮዬም አልሰነፈም።

«ማንን ነው እዚህ የምታስገቢው?»

«ማንም አልገባም፣ እማዬ።»

«ታዲያ አጋዘኑን በምን አወቁት?»

ሳንዳ እውነቱን አወጣችው። አጋዘኑ ከኋላዋ እየታየ ካሜራ ፊት ልብሷን ታወልቃለች፤ የሚከፍሉት ባዕዳን ናቸው። አሠሪዎቿ «ገጹ ለአገርሽ ሰው ተዘግቷል፣ ማንም አያይሽም» ብለው ምለውላት ነበር። አንዱ ግን ቪዲዮውን ቀድቶ በተነው።

«ማንም አልገባም እማዬ» አለች ደግማ፣ «ግን ሁሉም ገብተዋል።»

ጥፊ ሰማሁ። ቀጥሎ የሁለት ሰው ልቅሶ።

ሳንዳ ሥራውን ተወች፤ ደረጃው ግን አልተዋትም። ሊፍት ስትገባ ተከትሏት የሚገባ በዛ። በጠራራ ፀሐይ ደውል ተጭኖ የሚሸሽ መጣ። አንድ ቀን በራቸው ላይ ቀንድ በምስማር ተጭሮ ተገኘ። ሴቶቹ «የዘራችውን ትጨድ» አሉ። ከዚያ አንድ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ እጅጌዋ ተቀዶ ተመለሰች። ማን እንደሆነ አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህም ከቤት አልወጣችም።

ፋሲካ ሲደርስ ግቢያችን በምንጣፍ ድብደባ ይናወጣል፤ ወንዶቹ ተሸክመው ያወርዳሉ፣ ሴቶቹ ለዚሁ በተተከለው ብረት ላይ ሰቅለው ይመታሉ። ኦክታቭ «በርቱ፣ ባላችሁ ነው ብላችሁ ምቱት!» እያለ ሲያሾፍ ቬቱሪያ ምንጣፏን ታቅፋ ወረደች። አጋዘኑን ወደ ወንዶቹ አዙራ ሰቀለችው።

ዱላው ሁሉ ቆመ። ኦክታቭ የጫማውን ክር ለማሰር አጎነበሰ፤ ጫማው ክር የለውም። ሾፌሩ ሰማይ ሰማይ አየ። ባሌ፣ አዎ የኔው ጉድ፣ ጀርባውን ሰጠ። እኛ ሚስቶቹ ምንጣፉን ትተን ባሎቻችንን እናያለን።

ቬቱሪያ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እንዲህ ብቻ አለች፦

«ይሄ ምንጣፍ ከልጄ መኝታ ቤት ሲወጣ ዛሬ ገና ነው። ከዚህ በፊት ያያችሁት እጃችሁን አውጡ፤ ከማን መሸሽ እንዳለባት ልጄ ትወቀው።»